ጨው ያለበት ቅቤ

ዛሬም እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሆሎዌይ ካለው ሱቅ ቅቤ ስገዛ መጠቅለያውን ገልብጬ ጨው ይኑረው አይኑረው ሳላነብ ቅርጫቴ ውስጥ አልከትም። ልጆቼ «ማሚ፣ ቅቤ እኮ ቅቤ ነው» እያሉ ይስቁብኛል። አይደለም። የእኛን ቤት ያፈረሰው ጨው ያለበት ነው።

አባዬ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ነፍሱን የሚሰጥለት ነገር ቢኖር ጠመንጃው ነው፤ የጥንቱን አስመስለው በቅርቡ የሠሩት፣ በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ፣ እርሳስ ጥይቱ በዘንግ የሚጠቀጠቅለት ዓይነት። ፈቃድ አውጥቶ፣ ክበብ ገብቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ ኢላማ ይተኩስ ነበር። «ሳምንቱን ሙሉ የሚጮኹብኝን ሰዎች እዚያ እረሳቸዋለሁ» ይላል። እማዬ ግን ሁለት ወንድሞቿን በጥይት ያጣች ሴት ናት። «ይሄን ብረት ከቤቴ ካላወጣህ አንድ ቀን አጠፋልሃለሁ» ትለው ነበር፣ ሳትደብቅ።

ከተኩስ ሲመለስ ቤቱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ የባሩዱ ጥላሸት ነው። ጥላሸቱ ካደረ ብረት ይበላል። ስለዚህ አባዬ ኮቱን በወጉ ሳያወልቅ አፈሙዙን ከእንጨቱ ነቅሎ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ያቆመዋል፤ እኔ የፈላ ውሃ አቀብለዋለሁ፤ ጥቁሩ ውሃ እስኪጠራ ያፈስበታል። ካደረቀው በኋላ ዘይት የነካ ጨርቅ በዘንግ ማሳለፍ የኔ ሥራ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ እስካሁን አላገኘሁም።

የቅበላ ቅዳሜ ዘይቱ አለቀ። አባዬ ከአዲስ አበባ ተደውሎለት ሳሎን በስልክ ይጮኻል። አያቴ ጠመንጃውን በቅቤ ይወለውል እንደነበር ስንት ጊዜ አውርቶልኛል። ሁዳዴ ሊገባ ስለሆነ ወደ ፍሪጁ ጥግ የተገፋውን ጨው ያለበትን የሱቅ ቅቤ አወጣሁ፣ ጨርቁን ለቀለቅኩ፣ አሳለፍኩ። የአያቴ ቅቤ ጨው እንዳልነበረው፣ ጨውም ብረት እንደሚያዝግ ማን ይንገረኝ? አባዬ መጥቶ ሲያየው ያብረቀርቃል። «ጎበዝ የኔ ልጅ!» ብሎ ግንባሬን ስሞኝ ብረት ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈው። በጾም አይተኩስም ነበር። የጾሙን ሃምሳ አምስት ቀን ሁሉ ጠመንጃው እዚያው ተቀመጠ።

በፋሲካ ማግስት ለክበቡ ውድድር ሊዘጋጅ ከፈተው። ያስገባው ነጭ ጨርቅ በዝገት ቀይ ሆኖ ወጣ። አሸተተው፤ የከረመ ቅቤ። ወደኔ ዞር እንኳ አላለም።

«አደረግሽው አይደል?» አላት እማዬን። «በቅቤ! ጨው ባለው ቅቤ!»

የሳጥኑ ቁልፍ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ እሷ በምን ከፍታ? ይህን ማሰብ አልፈለገም። እማዬ መጀመሪያ ግር አላት። ከዚያ እኔን አየችኝ። እጆቼን ከኋላዬ ደብቄአለሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለችው። «አላልኩህም?»

እኔ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ ትልልቆቹ፤ የኔ ግን ዛገ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ቤት እየኖሩ የሚነጋገሩት በኔ በኩል ሆነ። «ራት ቀርቧል በይው አባትሽን»፣ «አልበላም በያት»። በዓመቱ አባዬ ሌላ ሰፈር፣ ሃርልስደን፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ወጣ። እማዬ እስክትሞት ድረስ ነገሩን አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔም አላነሳሁም፤ መጀመሪያ ፈርቼ፣ ኋላ አፍሬ፣ ከዚያ ደግሞ ጊዜ ያለኝ መስሎኝ።

አምና፣ የእማዬ አርባ በወጣ በሳምንቱ፣ «አባዬ፣ ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነበርኩ» አልኩት።

«አሁን ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። «መናገር የነበረብሽ እሷ እያለች ነበር እንጂ።»

አሁን እሑድ እሑድ ቤቴ ይመጣል። ለልጆቼ ዳቦ ላይ ቅቤ ስቀባ ያየኛል። ያኔ ብናገር ኖሮ ቢበዛ አንድ ጥፊ ነበር፤ ማታውን እማዬ አባብላኝ እተኛ ነበር። ዛሬ የሚመታኝ ደክሟል፤ የምትምረኝ ሞታለች።