ከአረንጓዴው ብርድ ልብስ በላይ

«አድራሻሽ በምን ይረጋገጣል?» አለችኝ ዛሬ አራብሳ ሰፈር ባለው ባንክ ያስተናገደችኝ ልጅ።

መታወቂያዬ የዱራሜ ነው። እዚህ ኮንዶሚኒየም ከጓደኞቼ ጋር ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ ውል የሚባል ነገር የለንም። አዲስ የገባሁበት፣ ለሚ የሚባለው ሰፈር ያለው ፋብሪካ ደግሞ ደሞዝ የሚከፍለው በባንክ ብቻ ነው፤ ሒሳብ ልከፍት የመጣሁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቤቴን እንዲሁ በአፌ ነገርኳት። ከታክሲ ወርደሽ ዳቦ ቤቱን ታልፊያለሽ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚተኛበት ሜዳ አለ፣ እሱን ስትሻገሪ አረንጓዴ ብርድ ልብስ የሚሰጣበት በረንዳ ይታይሻል፣ የኛ ከሱ በላይ ነው።

ስናገር እዚያው የደረስኩ መሰለኝ። ልጅቷም እስክሪብቶዋን እንደያዘች ፈዛ ትሰማኛለች።

«ደስ ይላል» አለች በመጨረሻ። «ማስረጃ ግን አይሆንም።»

ከኋላዬ ወረፋ የያዙ አንዲት እናት ጠጋ አሉ። «ብርድ ልብሱ የኔ ነው» አሉ። «ይቺን ልጅ አውቃታለሁ። ማታ ማታ እየዘመረች ነው ደረጃውን የምትወጣው። እሷ ስትገባ ነው በሬን የምቆልፈው።»

እኔ እኮ እዚህ ከተማ ማንም የሚያውቀኝ አይመስለኝም ነበር።

«ደንበኛችን ስለሆኑ እርስዎ ይፈርሙላት» አለች ልጅቷ። ፈረሙልኝ።

አሁን ማታ ስገባ ለመዘመር አፈርኩና ደረጃውን በዝምታ ወጣሁ። የእሳቸው በር ገርበብ ብሎ ተከፈተ።

«ዛሬ ምነው ዝም አልሽ? መግባትሽን በምን ልወቅ?»

እናንተስ፣ ድምፃችሁን ሳይሰማ በሩን የማይቆልፍ ጎረቤት አላችሁ?