ቀዶ ሕክምናው የተላለፈበት ሳምንት

ሐኪም የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ የስልጠና ነጥብ ያስፈልገዋል። ነጥቡ የሚገኘው በሽተኛ በማከም አይደለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ በማዳመጥ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ሐረር ውስጥ በቀዶ ሐኪምነት ስሠራ፣ ከድሬ ጠያራ የመጡ አንዲት ገበሬ እኔ ዘንድ ተኝተው ነበር። ለትልቅ ሴት እንደሚባለው ሁላችንም "አዴ" እንላቸዋለን። ግራ ጡታቸው ላይ ያለው ዕጢ ካንሰር መሆኑ በናሙና ታውቋል። ደግነቱ ገና አልተሰራጨም፤ ቶሎ ከወጣ የመዳን ተስፋቸው ጥሩ ነበር። ለማክሰኞ ቀጠሮ ያዝንላቸው።

ውጤቱን የሰማው ግን ወንድማቸው ነው። እኛ ጋ እንዲህ ነው ልማዱ፤ ክፉ ወሬ መጀመሪያ ለወንዶቹ ይነገራል፣ ወንዶቹም እዚያው ያስቀሩታል። ወንድምየው ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ፣ "በአላህ ይሁንብሽ ዶክተር፣ ስሙን እንዳትነግሪያት። ከበሽታው በፊት ስሙ ይገድላታል" አለኝ። ሕመሙ የእሳቸው፣ ጡቱም የእሳቸው ነው ብዬ ተከራከርኩት። ነገሩ የክፍሉ ኃላፊ ጆሮ ደረሰና ከቤተሰብ ጋር እንዳልጋጭ ተነገረኝ። አዴም ትንሽ እብጠት ናት፣ እናወጣታለን ተባሉ። እሺ አሉ፣ አልጠየቁም።

ሰኞ ጠዋት ስንገባ ማስታወቂያ ተለጥፎ ጠበቀን። እንደ ጡትና ሳንባ ካንሰር ስላሉ ጠጣር ዕጢዎች ሕክምና አዳዲስ ግኝቶች ስልጠና አለ፤ ቀዶ ክፍሉ ከድንገተኛ በቀር ሳምንቱን ይዘጋል። አዴን ብቻ ሠርቼ ልምጣ ብዬ ኃላፊውን ለመንኩት። የማደንዘዣ ባለሙያውም ነጥብ እንደሚፈልግ አስረዳኝና፣ "ደግሞ ዕጢ በሳምንት የትም አይሄድም" አለኝ። የምንሰበሰበው ዕጢ የት የት እንደሚሄድ ልንማር መሆኑ ትዝም አላለው።

ከጀጎል ውጭ ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተኮለኮልን። አስተማሪው ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው፤ አዋቂ ነው፣ አልክድም። የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሰው ዕጢውን በበሽተኛው በራሱ ሰውነት ስለሚያስመቱ መድኃኒቶች ነገረን። ሳንባ ውስጥ የነበረ ዕጢ ሟሙቶ ሲጠፋ በምስል አሳየን። ለጥቂት ጊዜ እኔም ተደሰትኩ። ከዚያ እጄን አውጥቼ፣ የትኛው መድኃኒት ለየትኛው በሽተኛ እንደሚሆን የሚለየው ምርመራ እኛ ጋ እንደሌለ ነገርኩትና ምን እናድርግ አልኩት። "ግሩም ጥያቄ ነው" አለኝ። ሐኪም ግሩም ጥያቄ ነው ካለ መልሱ የለውም ማለት ነው። ቀጥሎ ግን፣ ገና ያልተሰራጨ ዕጢን በጊዜ ቆርጦ እንደማውጣት ያለ ነገር እስካሁን አልተገኘም አለ። አዳራሹ አጎንብሶ ጻፈ። የማደንዘዣ ባለሙያችን አጠገቤ ሳምቡሳውን እየገመጠ ነበር።

ሐሙስ ለሻይ ስንወጣ ወደ ሆስፒታል ደወልኩ። ነርሷ አዴ ሄደዋል አለችኝ። ወንድማቸው ጋ ደወልኩ። እሱ እንደነገረኝ፣ አዴ ቀዶው መተላለፉን ሲሰሙ ፊታቸው በርቶ፣ "ክፉ ነገር ቢሆን ኖሮ ሐኪሞቹ ጥለውኝ ስብሰባ ይሄዱ ነበር? አልሐምዱሊላህ" ብለው ልብሳቸውን ሰበሰቡ። ጊደር መጋላ ገበያ ወርደው ስኳርና ሩዝ ገዙ፤ መንደራቸው ገብተው ለጤናቸው ሰደቃ አወጡ። ሸሆቹ ዱዓ አደረጉላቸው፣ ጎረቤት በልቶ መረቀ።

መልሰህ አምጣቸው አልኩት። "ምን ብዬ?" አለኝ፤ "ሰደቃ ያወጣችበትን ጤና ምን ብዬ ልቀማት?" እውነቱን ንገራቸው ስለው ስልኩን ዘጋው። በየጊዜው መደወሌን ቀጠልኩ። አንዳንዴ ያነሳና ኦቾሎኒው ይሰብሰብ፣ ያኔ አመጣታለሁ ይለኛል። መኪና ይሰጠኝና ሄጄ ላምጣቸው ብዬ ለኃላፊው አመለከትኩ፤ በሽተኛ ከቤቱ ጎትተን አናመጣም አለኝ። የስልጠናው የምስክር ወረቀት በዚያው ሰሞን መጣ። ፈቃዴ ታደሰ።

አዴ የመጡት አዝመራው ካለቀ በኋላ ነው። ዕጢው ቆዳቸውን ቀድዶ ወጥቷል፣ ከደረታቸው ጋር ተጣብቋል፤ አንዲት ደረጃ ለመውጣት ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ለቢላዬ የተረፈ ነገር አልነበረም። ወንድማቸው በዓይኑ ሲለማመጠኝ፣ በትከሻው ገፍቼ አስወጣሁትና በሩን ዘጋሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የበሽታውን ስም ሳይቀር።

አላለቀሱም። ሻሻቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ።

"ያን ጊዜ፣ ቆዪ ያላችሁኝ ጊዜ፣ ታውቂው ነበር ልጄ?"

"አውቅ ነበር፣ አዴ።"

"ታዲያ ጥለሽኝ ምን ልትማሪ ሄድሽ?"

"ስለዚሁ በሽታ" አልኳቸው።