የኖፓዋ እናት ያለችበት ገጽ

መቱ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ሣጥን ሠሪው ዘንድ፣ ቀጥሎ እኔ ዘንድ ይላክ ነበር። ያኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ጽሕፈቴ ያምራል ይሉኛል፣ ድምፄም ዝናብ አይበግረውም፤ በኢሉባቦር ይሄ ቀላል ሙያ አይደለም። ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደርሶ ከመቀበሩ በፊት የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የት ተወለደ፣ መቼ ወደዚህ አገር መጣ፣ ማንን አገባ፣ ስንት ወለደ፣ ዘመዶቹ እነማን ናቸው። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ የቢሮ ሰዎች ያመጡት ወግ ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ግን ለልብስ ሰፊውም ለግንበኛውም ደረሰ፤ ሳይነበብለት የተቀበረ እንደሆነ ቤተሰቡ ይታማል።

ለዚህ ሥራ የምቀበለው ወሬ ብቻ ነው። ለቅሶው በአንድ ክፍል ሲቀልጥ እኔ በሌላው አንድ ሽማግሌ ይዤ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ «ሰው በሐዘን ላይ እያለ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» ብለው ይቆጡኛል። ከዚያ ይጀምራሉ፤ አማርኛው አልበቃ ሲላቸው ወደ ኦሮምኛው እየገቡ፣ ማቆሚያ የላቸውም። ከተማውን ያወቅኩት እንደዚያ ነው። የማን አያት የመንግሥት ሹም ተከትሎ ከሸዋ እንደመጣ፣ የጉራጌ ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ጨው ተሸክመው በእግራቸው እንደገቡ፣ ጎሬ ላይ የዐረብ ሱቅ የነበረው ቤት ዛሬ የማን እንደሆነ። የራሴንም ዘር ያወቅኩት በሰው ቀብር ነው። አያታችሁ የቅኔ ሊቅ ነበር ሲሉን ነበር ያደግነው። አንዲት የጎሬ አሮጊት ስለ ሟች ባላቸው እያወሩኝ ሳለ «ያንተ አያት እንኳ የሹሙን በቅሎ እየሳበ የመጣው ነው» አሉኝ። ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ትንሽ ተናደድኩ፣ በመጨረሻ ጻፍኩት።

የምጽፈውን ሁሉ ጠንካራ ሽፋን ባለው አንድ ደብተር እገለብጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ላይ የሚነበበው አንድ ገጽ ቢሆን ደብተሩ ላይ ሦስት ይሆናል። ለማን ብዬ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ዝርዝር ነገር ነፍሴ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከሞቱት አንዱ በሰፈራችን የነበረ ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱን ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው፤ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፣ እሱንም አስተምሬዋለሁ። ስለ ባላቸው ስጠይቃቸው ከተማው የማያውቀውን ነገር ነገሩኝ። ልጁን ጎሬ ሳሉ ሲወልዱ በጠና ታመው ጡታቸው ደረቀ። ልብስ ሰፊው ሕፃኑን አቅፎ ኖፓ ገጠር ወርዶ፣ ልብስ ይሰፋላት ለነበረች የአንድ ገበሬ ሚስት ሰጣት፤ እሷም በዚያው ሰሞን ወልዳ ነበር። ሁለቱንም አጠባች። ሦስት ዓመት አሳድጋው ሲመለስ ልጁ የሚያውቀው ኦሮምኛ ብቻ ነበር። እሷን አዴ ይላል፣ እናቴ ማለቱ ነው፤ የወለዱትን እናቱን ግን እንግዳ ናቸው ብሎ ይሸሻቸዋል። ቆይተው መቱ ሲገቡ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ጎረቤት አልነበረም።

«የኖፓዋን እናቱን አስገባልኝ» አሉኝ እትዬ። «ባሌ ያልተመሰገነ ውለታ አይወድም ነበር።»

አስገባሁ። የሴትዮዋን ስም፣ የባሏን ስም፣ ቤታቸው ከወፍጮው አልፎ በስተግራ፣ ከሾላው ሥር መሆኑን ሳይቀር። ቤቱ የት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ጠይቄ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አገሩ ታመሰ። የእትዬ ልጅ ያኔ ግብርና መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር። ከተማው ውስጥ የተቃውሞ ወረቀት ተበትኖ ተገኘ፤ የተመታው በዚያ ቢሮ የጽሕፈት መኪና ነው ተባለ። በማግስቱ ልጁ ከሥራ ቀረ። ቤቱ ተፈተሸ፣ እትዬ ሦስት ቀን ታስረው ተለቀቁ። ሰው ሁሉ በጋምቤላ በኩል ሱዳን ገብቷል ይል ነበር። እትዬ ይህን ሲሰሙ አዎም አይሉ፣ አይደለምም አይሉ። ተይዘው ከነበሩት ጓደኞቹ አንድም የተመለሰ ስላልነበር፣ ልጁ ቢያዝ ምን እንደሚሆን ለማንም ግልጽ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለቀበሌያችን አዲስ ካድሬ ተመደበ። ወጣት፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። ጨዋ ነበር፤ እኔን ያሞኘኝ ያ ነው። ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣

«ጓድ መምህር፣ የከተማውን ታሪክ እንዳንተ የሚያውቅ የለም አሉኝ። ለአብዮቱ በዓል የሰፊውን ሕዝብ ታሪክ ልናሳይ አስበናል። ደብተር አለህ አይደል?» አለኝ።

ደስ አለኝ። ምን ይደረግ፣ ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያን ደብተር ልየው ያለኝ ሰው አልነበረም። በዕረፍት ሰዓት ቤቴ ሮጬ አመጣሁለት፤ እግዜር ይይልኝ፣ ሽፋኑን በእጅጌዬ ጠርጌ ነው የሰጠሁት። ቆሞ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣

«ዘመድ ሁሉ በትክክል ገብቷል?» አለ።

«አንድም አይጎድልም» አልኩት፤ ደረቴን ነፍቼ።

በሳምንቱ መለሰልኝ። «በጣም ጠቅሞናል» ብሎ እጄን ጨበጠ። ቤቴ ገብቼ ስገልጠው በእርሳስ ቀጭን ምልክት ተደርጎበታል። ስለ ገበያው አመሠራረት የጻፍኩት ንጹሕ ነው። የመሥሪያ ቤቶቹ ከጎሬ ወደ መቱ መውረድም ንጹሕ ነው። ምልክቱ ያለው ዘመድ ዘመዱ ላይ ነው፤ ኡካ የምትኖር እህት፣ ጋምቤላ ያለ ወንድም። የልብስ ሰፊው ገጽ ላይ፣ ኖፓ ከሚለው ሥር፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ልጁ የት እንዳለ ያወቅኩት እኔም ያኔ ነው። ወዲያው የቀብሩ ቀን ትዝ አለኝ፤ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ስለነበር ቄሱ አሳጥር ብለው ጠቀሱኝ፣ የኖፓዋን እናት አንቀጽ ዘልዬ ወደ መጨረሻው ሄድኩ። ስለዚህ ያን ነገር ሕዝብ አልሰማውም። መቱ ውስጥ ከእትዬ ልብ ሌላ የተቀመጠው በእኔ ደብተር ላይ ብቻ ነበር።

ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ለእትዬ ልነግራቸው ወጣሁ። ከበራቸው ፊት ለፊት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሰላም ብያቸው አለፍኩና ከማዶው ሱቅ የማልፈልገውን ክብሪት ገዝቼ ተመለስኩ። ራሴ ኖፓ እንዳልሄድ ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ ወረቀቱን የሚፈርመው ካድሬው ነው። በጫካው በኩል በቡናው ውስጥ የሚወጣ የእግር መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። ለተማሪ ካርታውን ስስል የኖርኩ ሰው መንገዱን አላውቅም ልል አልችልም። ሚስቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ይህም እውነት ነው። ግን እሷን ሰበብ አላደርጋትም። ፈራሁ። ሐሙስ አስተማርኩ፣ ዓርብም አስተማርኩ።

ቅዳሜ በገበያው መሐል የካድሬዎቹ ላንድሮቨር ከኖፓ በኩል መጣ። ከኋላ ልጁና የጡት እናቱ ባል እጃቸው የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጠዋል። በርበሬ የምትመዝን ሴት እጇን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ልጁ አየኝ። አስተማሪ ሲገባ ተማሪ እንደሚነሣው ከወለሉ ብድግ ለማለት ሞከረ፤ ገመዱ አልለቀው ብሎ መልሶ ቁጭ አለ። አንገቴን ደፋሁ።

የኖፓዋ እናት በእግሯ መጥታ እትዬ ቤት ተቀመጠች። ሁለቱ በየቀኑ አንድ ሰሃን ይዘው እስር ቤቱ በር ይሄዳሉ። ባልየው ከሁለት ወር በኋላ ተፈታ። አንድ ጠዋት ግን ዘበኛው ሰሃኑን ሳይከፍት መልሶ ሰጣቸውና «ከእንግዲህ አትድከሙ» አላቸው። ማልቀስ ክልክል ነበር። በራቸውን ዘግተው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው እንዳለቀሱ ሰማሁ።

ክረምቱ ሲገባ እትዬ ቤቴ መጡ። ከስተው ሌላ ሰው ሆነዋል። ሚስቴ አራስ ናት፤ ሕፃኑን አይተው፣ መርቀው፣ ከእኔ ጋር ውጭ በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉኝ። «አስገባው ያልኩህ እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አስነብቤ ልጄን በእጄ አስገደልኩት።»

እንዳልተነበበ አያውቁም። የቀብሩ ቀን ራሳቸውን ስተው በሴቶች ተደግፈው ነበር።

«እስቲ አስታውሰኝ ልጄ፣ ስታነብ ጃንጥላ የያዘልህ ያ ማር ነጋዴው ጎረቤታችን አልነበር? እሱ ደግሞ ኖፓ ለማር ይመላለሳል።»

እሱ ነበር። ግማሽ ትከሻው እየበሰበሰ ለእኔ ጃንጥላ የያዘልኝ ደግ ሰው ነው፤ የሰማውም ነገር የለም። «እትዬ፣ አልተነበበም» ብል ይበቃው ነበር። ግን ቀጥሎ «ታዲያ ከየት አወቁ?» ይሉኛል።

«አላስታውስም እትዬ» አልኳቸው።

ፊቴን ትክ ብለው አዩና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። አዎ ማለቴ መስሏቸዋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማር ነጋዴውን ሰላም ማለት ተዉ። በጠዋት ከበሩ ላይ ሆኖ ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደሩ እትዬ?» ሲላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ወራት እንዲህ ሄደ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠጋ አለኝና፣

«መምህር፣ እትዬን ምን አስቀይሜያቸው ይሆን? አንተ ትቀርባቸዋለህ፤ በሞቴ ጠይቅልኝ» አለኝ።

«ሐዘን ነው፣ ያልፍላቸዋል» አልኩት።

አመነኝ። በማግስቱ አንድ ቅል ነጭ ማር ላከና ለእሳቸው እንዳደርስለት ለመነኝ። ይዤ ሄድኩ። ከማን እንደሆነ ስነግራቸው በሩን ዘጉብኝ። ለእሱ «ተቀብለዋል፣ አመስግነውሃል» አልኩት። ማሩን እኛው ቤት በላነው።