አቶ ዜሮ ጠበል የጠጣ ዕለት

ትርሓስ ጠዋት ጠዋት ከሰው ሁሉ በፊት ሰላም የምትለው አቶ ዜሮን ነው። አቶ ዜሮ ሰው አይደለም፤ ውሃ የተሞላ ክብ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። እሷ በምትሠራበት የሃያ ሁለት ሰፈር ክሊኒክ፣ ሲቲ ስካኑ በሽተኛ ከማንሳቱ በፊት እሱን ያነሳል። ማሽኑ ለውሃው የሚሰጠው ቁጥር ዜሮ አካባቢ፣ ምስሉም ወጥ ግራጫ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ካልሆነ ሰው አይገባም፤ በቃ! "ደህና አደሩ አቶ ዜሮ? ዛሬ እንዳያሳፍሩኝ" ትለዋለች፤ የሰማ ቢስቅባት ግድም የላት።

ያን ሰሞን ግን ሳቅ ጠፍቶ ነበር። ማሽኑ ተበላሽቶ ወራት ቆመ። በየቀኑ በሽተኛ ትመልስ ነበር። በስንት ልመና መሐንዲሱ ሀይደር መጥቶ ጠገነው፤ ማታ ደግሞ በረራ አለበት። አቶ ዜሮ ዛሬ ካላለፈ ማሽኑ ተመልሶ ሊዘጋ ነው። ከበሩ ውጭ ጋሽ ጉግሳ ተራ ይጠብቃሉ፤ ከመሰላል ወድቀው ራሳቸውን ከተመቱ ወዲህ ራስ ምታት አልለቅ ብሏቸዋል። የክሊኒኩ የጽዳት ሠራተኛ የእትዬ ሃረገወይን ባል ናቸው።

ትርሓስ አቶ ዜሮን አነሳችው። ምስሉ ሲመጣ ክው አለች። ቁጥሩ ሽቅብ ወጥቷል፤ ከሥር በኩል ነጭ ነገር እንደ ማጭድ ተጋድሟል።

"አለቀልን!" አለች። ደግመው አነሱ፤ ያው ነው። ሀይደርን ላብ አጠመቀው።

"ቆይ፣ ውሃውን ስትሞዪ ምን ጨመርሽበት?"

"እኔ? አንተ ሞልተኸው አይደል እንዴ? ትናንት ጎድሎ፣ ጠዋት እሞላዋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት።"

"ኧረ እኔ እጄንም አላሳረፍኩበት!"

በሩ ላይ መጥረጊያ ይዘው የቆሙት የእትዬ ሃረገወይን ፊት ዐመድ መሰለ።

"እኔ ነኝ ልጆቼ። ጎድሏል ስትዪ ሰማሁ። የሳሊተ ምሕረት ጠበል ነበረኝ፤ እምነት በጥብጬ ሞላሁት። ይህን ያህል ወር የታመመ ማሽን፣ ደግሞ ጉግሳዬን የሚያይልኝ… ይማርልኝ ብዬ!"

ትርሓስ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ነጩ ማጭድ እምነቱ፣ የተቀደሰው አመድ ነበራ! ዘቅጦ ከሥር ተኝቷል። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ ቀደማት።

ዕቃውን ወደ መታጠቢያው ስትወስድ ሀይደር ጮኸባት።

"ኧረ ተይ! ጠበል እኮ ነው፤ ፍሳሽ ውስጥ ይደፋል እንዴ? እናቴ ብትሰማ የክርስቲያን ጎረቤቶቿን በምን ዓይኗ ታያለች!"

ንጹህ ባልዲ ራሱ ያዘላት። እትዬ ሃረገወይንም ወስደው ሰው በማይረግጠው፣ በአጥሩ ጥግ ካለችው ዛፍ ሥር አፈሰሱት።

ዕቃውን አጥበው የተጣራ ውሃ ሞሉ፤ አየር እንዳይቀርበትም መታ መታ አደረጉት። እንደገና አነሱት። ዜሮ! ወጥ ግራጫ! ትርሓስ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጋሽ ጉግሳም ገቡ። ሐኪሙ ምስሉን አይተው "ደም የለ፣ ስብራት የለ፤ ጭንቅላትዎ ውስጥ ምንም የለም" ሲሏቸው፣ እትዬ ሃረገወይን "እኔ ስል የኖርኩትን!" ብለው ቀለዱና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

በማግስቱ ትርሓስ ስትገባ እትዬ ሃረገወይንን የጠበል ጠርሙስ ይዘው የማሽኑ ክፍል በር ላይ አገኘቻቸው። ደንግጠው ጠርሙሱን በነጠላቸው ሸፈኑት።

"ውስጡን አልነካሁም! ደጁን ብቻ ነው።"

ትርሓስ ቦርሳዋን አስቀመጠችና አንገቷን ዝቅ አደረገች።

"ለእኔም ረጨት ያድርጉልኝ" አለች።