ለስኳር የተሰለፉ ድንጋዮች

ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዘበኛ። እትዬ በላይነሽ፣ ኮልፌ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ ባልቴት። ሽብሩ፣ የእትዬ በላይነሽ አንድ ልጅ። አራተኛው እኔ። በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ተካፍለን የምንኖር ጎረቤቶች ነበርን። ዛሬ እዚሁ ሰፈር ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እነዚህን ስሞች ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ ለዳዊት ነገርኩት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የግቢያችን ሰው ጀሪካኑን ከዋዜማው ጀምሮ ቧንቧው ሥር ይደረድራል። ጠዋት ዳዊት ሲወጣ የእኛ ጀሪካን ከፊት ተነስቶ ከኋላ ተቀምጦ አገኘው።

«አባዬ፣ ዛሬስ ዝም አልለውም!» አለኝ ሸሚዙን እየቆለፈ። «ያ ጎረቤታችን ሆን ብሎ ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናውን እያስጓራ እንቅልፍ የሚነሳን አንሶት አሁን ደግሞ ጀሪካን!»

ልጆቼ እኔን በምክር ያውቁኛል። አፌን ስከፍት ተረትና ምሳሌ እንደሚከተል ስለሚያውቁ ገና ሳልጀምር በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ያን ዕለት ግን ምሳሌ አልመጣልኝም። «ተቀመጥ» ብቻ አልኩት። ጀሪካኖቹ በመስኮት ይታዩኛል፤ ቢጫዎቹ በሙሉ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ባለቤቶቻቸውን ወክለው ቆመዋል። እኔ ግን ያየሁት ድንጋይ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሃያ ዓመት ሞልቶኝ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት እንጨት እልግ ነበር። ሽብሩም እዚያው ነበር፤ እኔ የላግሁትን እሱ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ እንዲያብለጨልጭም ጎማላካ ይቀባል። ክፍሌን ከእነሱ ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ሲሆን በእኔ በኩል ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር። እኔ ተማሪ ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ግን ከዚያ ግድግዳ ነው። ጋዜጣውን የለጠፈው ሰው ግማሹን ዘቅዝቆ ስለለጠፈው አንገቴን አጣምሜ አነብ ነበር። እስከ ዛሬ የተገለበጠ ጽሑፍ ከማንም ፈጥኜ አነባለሁ።

ከሥራ ገብቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ከዚያ ግድግዳ ፊት ስቀመጥ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ሽብሩ የሚያፏጨውም ልክ ያን ጊዜ ነው።

ቧንቧ ሥር ያፏጫል፣ ሽንት ቤት ያፏጫል፣ ጫማውን ሲጠርግ ያፏጫል። ዜማውን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ሬዲዮ ላይ ሰምቼው አላውቅም፣ የቤተ ክርስቲያንም አይደለም። ቀስ ብሎ ይጀምርና እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ፣ ሊወርድ ነው ብለህ ስትጠብቅ ቁርጥ ይላል። ሁልጊዜም እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚያቆመው። ውሃ ጠምቶህ ጣሳው ከንፈርህ ሲደርስ ቢነጠቅ እንደዚያ ነው። እኔ ከያዝኩት አንቀጽ ወጥቼ የዜማውን ጫፍ ስፈልግ አመሽ ነበር።

ጋሽ ተሰማ ደግሞ ጨርሶ አይችሉትም ነበር።

«አንተ! ጀምበር ስትጠልቅ ማፏጨት እባብ ይጠራል አላልኩህም?» ይሉታል ከደጃፋቸው።

«ጋሼ፣ ይኸው ስንት ዓመት ሳፏጭ አንድ እባብ አልመጣም። የሚመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት!»

«ባለጌ! ደግሞ ከጀመርከው ምናለ ብትጨርሰው?»

«ቀሪው የእርስዎ ድርሻ ነው ጋሼ። እርስዎ ይጨርሱት!»

እትዬ በላይነሽ ከውስጥ «ኧረ አንተ ልጅ፣ አባትህ ይሆናሉ!» ብለው ይቆጣሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ሳቅ አለ። እኔ አልስቅም ነበር። ያኔም ቢሆን ቁጥብ ሰው ነበርኩ። ሽብሩ «መነኩሴው» ይለኝ ነበር።

ሆኖም ክፉ ልጅ አልነበረም። የሚወደው ነገር ትንሽ ነው፤ ስኳር። ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ስለነበር ቀኑ ሲደርስ እንደ ዓመት በዓል ይጠብቀዋል። ትኩስ ዳቦ ለሁለት ይከፍልና በሆዱ ስኳር ነስንሶ፣ በመዳፉ ጨፍልቆ፣ ወደ ሥራ ስንሄድ በመንገድ ላይ ይበላል። የክረምቱ ጭቃ ጫማችንን እየጎተተ፣ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ከየአጥሩ እየመጣ፣ ግማሹን ለእኔ ይሰጠኛል። ስኳሩ ከጥርስ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። «ብላ መነኩሴ፣ ስኳር ፆም አያስገድፍም» ይለኛል። ከዚያ ወዲህ በየግብዣው ብዙ ኬክ ቀርቦልኛል፤ እንደዚያ ዳቦ ግን የጣመኝ የለም።

የስኳር ቀን ሰልፉ ከዋዜማው ይጀምራል። ሰው ሌሊቱን መቆም ስለማይችል በቦታው ድንጋይ ያስቀምጣል። የያንዳንዱ ቤት ድንጋይ እንደ ሰው ይታወቅ ነበር። የእኔ ከአንድ ፍርስራሽ ያገኘሁት ጥርብ ድንጋይ ነው። የእነ ሽብሩ ደግሞ ከእትዬ በላይነሽ ወፍጮ የተሰበረ መጅ ነበር፤ ከብዙ መፍጨት የተነሳ አንድ ፊቱ እንደ ጉንጭ ለስልሷል። ሱቁ ሲከፈት ሰዎች ይመጡና ድንጋያቸውን አንስተው በቦታው ይቆማሉ።

ተራ አስከባሪው ጋሽ ተሰማ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ ከዘራቸው ሾሟቸዋል። አድልዎ አያውቁም ነበር፤ በሽብሩ ነገር ግን ልባቸው ሻክሯል። አንድ ቀን ፉጨቱ ቢበዛባቸው ቀበሌ ድረስ ሄዱና በአብዮት ጥበቃዎቹ ፊት፣ «ይህን ፉጨታም ወይ ልጓም አግቡልኝ፣ ወይ ወዲያ ውሰዱልኝ!» አሉ። ጥበቃዎቹ ሳቁ። ሽብሩን ጠርተው ሽማግሌ እንዲያከብር መክረው መለሱት። እሱም ከቀበሌው በር ጀምሮ እያፏጨ መጣ።

ከዚያ በኋላ በመጣው የስኳር ዋዜማ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ጋሽ ተሰማ ወደ ግቢ ገብተው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«የእናንተን ድንጋይ ቦይ ውስጥ ጥዬዋለሁ» አሉ። «ጎረምሳ ያለበት ቤት ድንጋይ አያቆምም። ነገ ስኳር የሚፈልግ በእግሩ ይቁም!»

«ጋሽ ተሰማ፣ እኔ ነገ በጠዋት ገበያ ነኝ። ይተዉልኝ እንጂ» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«የልጅሽ እግር ምን ሆነ?»

ሽብሩ እየሳቀ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ተሳስተዋል። ድንጋዬ ዝም ብላ ትቆምልዎት ነበር። እኔ ከቆምኩ ግን እስኪከፈት ድረስ አፏጭልዎታለሁ!»

እኔም ጎረምሳ ነበርኩ። እኔም ከዚያው ግቢ ነበርኩ። የእኔ ጥርብ ድንጋይ ግን ካለበት አልተነካም። ጋሽ ተሰማ ይወዱኝ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ፣ ድምፅ አላሰማም፣ አነባለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሽብሩ ግድግዳውን ደበደበ። «ተነስ እንጂ መነኩሴ! አብረን እንቁም።»

«ድንጋዬ አለልኝ» አልኩት።

«ዕድለኛ! እንግዲያው ለድንጋይህ ሰላምታህን አደርስልሃለሁ።»

እያፏጨ ወጣ። ፉጨቱ በሩን አልፎ፣ በአጥሩ ጥግ ዞሮ፣ እየራቀ ሄደና እዚያችው የተለመደችው ቦታ ላይ ቁርጥ አለ። እኔ ወደ ግድግዳዬ ዞርኩ።

የቀረውን ያየሁት አይደለም። ጋሽ ተሰማ በኋላ ጥቂት በጥቂት የነገሩኝ ነው። ሱቁ ገና ሳይከፈት ከፌርማታው በኩል ኦራል የሚባለው የወታደር መኪና መጣ። ጥበቃዎቹ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ማፈስ ጀመሩ። ሰልፉ ላይ የነበረው ጎረምሳ ሁሉ ተበተነ። ሽብሩ ግን ለመሮጥ አንድ እግሩን አንስቶ ወደ ቦታው ዞር አለ። ድንጋይ የለውም፤ ከሄደ ተራው መሄዱ ነው። በዚያች በዞረባት ቅጽበት ያዙት።

ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን ጥለው የሽብሩን እጅ ያዙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሸት የሚጠሉት ሰው፣ «ልጄ ነው! የምጦርበት አንድ ልጄ ነው!» አሉ።

አንደኛው ጥበቃ አወቃቸው። «አባት፣ በቀደም ‹ውሰዱልኝ› ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አላቸው። በክፋት ሳይሆን እንደ መቀለድ ነበር አሉ ጋሽ ተሰማ።

ሽብሩ መኪናው ላይ ሲጫን የጮኸው ስለ እናቱ አልነበረም። ምናልባት ወዲያው የሚመለስ መስሎት ይሆናል። «ጋሼ፣ ተራዬን! ተራዬን ይያዙልኝ!» ነበር ያለው።

ከዚያ ሌላው ጥበቃ መሬት ላይ ያሉትን ድንጋዮች እያየ፣ «የዚህ የጥርቡ ባለቤትስ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ተሰማ፣ «የአንዲት አሮጊት ነው» አሉት። ይህኛው ውሸታቸው ሠራ።

እኔ ስደርስ ሰው የለም። ድንጋዮቹ ግን ማንም ሳይነካቸው፣ ተራቸውን እንደያዙ ነበሩ። ትንሽ ቆይቶ ሱቁ ተከፈተ። አሮጊቶችና ሴቶች ተመለሱ። እኔም ድንጋዬን አንስቼ በቦታው ቆምኩና ስኳሬን ወሰድኩ። ጨዋነቴ አተረፈኝ ብዬ ለልጆቼ ባስተምር ይመቸኝ ነበር፤ ግን እውነት አይሆንም። ያተረፈኝ ድንጋይ ነው።

እትዬ በላይነሽ ከገበያ ሲመለሱ የሆነውን እዚህ መጻፍ አልፈልግም።

ጋሽ ተሰማ ቦይ ውስጥ ገብተው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ በእጃቸው እየዳበሱ መጁን አወጡ። ቧንቧ ሥር አጠቡት። ከዚያ ወዲህ በመጣው የስኳር ቀን ሁሉ ከሰልፉ አኖሩት። ማንም አልነካውም። አንዴ አዲስ የመጣ ሰው ሊያነሳው ቢል፣ «ባለቤቱ ተራዬን ያዙልኝ ብሎኛል» አሉት። የእትዬ በላይነሽን ስኳር ይቀበሉና ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። እትዬ በላይነሽም ይወስዱታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገሯቸውም ነበር።

ግቢው ጸጥ አለ። የምመኘውን ጸጥታ አገኘሁ። ግድግዳዬ ፊት እቀመጥና አንድ መስመር ደጋግሜ አነባለሁ፤ ምንም አይገባኝም። ጆሮዬ ከማዶ የሚያናድደኝን ነገር ይጠብቃል።

ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ጀምበር እየጠለቀች ነበር። ድንገት ፉጨት ሰማሁ። ንፋስ የበዛበት፣ የተሰነጠቀ ፉጨት ነው፤ ዜማው ግን ያው ነው። ይወጣል፣ ይወጣል። እትዬ በላይነሽ አንድ እግራቸውን ብቻ ተጫምተው ሮጠው ወጡ። እኔም ወጣሁ።

ጋሽ ተሰማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ የፊት ጥርስ የሌለውን አፋቸውን አሹለዋል። እዚያችው ቦታ ደርሰው ቁርጥ አሉ።

«እርስዎ ነዎት?» አሉ እትዬ በላይነሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

«ይጨርሱት ብሎኝ ነበር» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ቀና ሳይሉ። «ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቀውም።»

«እባብ ይጠራል ይሉ አልነበር?»

«እባቡማ መጣ፣ በላይነሽ። እኔው ነኝ የጠራሁት።»

ሊሰድቧቸው ነው ብዬ ጠበቅሁ። እትዬ በላይነሽ ግን ቀስ ብለው ከደጃፉ ላይ፣ ከጎናቸው ተቀመጡ። መንደሪቱ ላይ የማታ ጭስ ተኝቷል። «ይድገሙት» አሏቸው።

ሽብሩ ወደ ሰሜን መወሰዱን ሰማን፤ ሌላ ወሬ አልደረሰንም። መንግሥት ሲለወጥና ጦሩ ሲበተን ወታደሮች በእግራቸው፣ አቧራ ለብሰው፣ በየመንደሩ ይገቡ ነበር። እትዬ በላይነሽ በር ላይ ቆመው የሁሉንም ፊት አዩ። ጋሽ ተሰማ ለዚያ ቀን ሳይደርሱ ዐርፈዋል። መጁን ለእኔ አደራ ብለውኝ ነበር፤ እኔም ሰልፉ እስኪቀር ድረስ አኖርኩት። እትዬ በላይነሽን የቀበርናቸው እኔና የዕድሩ ሰዎች ነን።

ይህን ስጨርስ ዳዊት የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካ ነበር። ውጭ ጎረቤታችን መኪናውን አስነስቶ ማስጓራት ጀመረ። ልጄ ግንባሩን ቋጠረ፣ ከዚያ ፈታው። ወጥቶ ጀሪካናችን አጠገብ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። እኔም የዚያን መኪና ጩኸት ከዚህ በፊት ባልሰማሁት ዓይነት ሰማሁት፤ ሰውዬው በሕይወት አለ፣ ልጆቹም አሉ።

ያኔ የስኳሩ ዋጋ ሳንቲሞች ነበር፤ ቆጥሬ ከፍዬ ወስጃለሁ። የሁላችንም ሒሳብ ሲደመር ግን ይህን ያህል ሆነ፤ ሽብሩ ዕድሜውን ከፈለ። እትዬ በላይነሽ ልጃቸውን። ጋሽ ተሰማ ከቀኝ ወደ ግራ ሳይገላበጡ የሚተኙበትን እንቅልፍ። እኔ ደግሞ፣ በግድግዳ ማዶ የሚያናድደኝን ሰው።