አሥራ አንድ ዓመት «ባዶ» የነበረው ቤት

እዚህ በሰው አገር፣ ሞርስ ሮድ የሚባለው ጎዳና ላይ፣ አሁን የመኪና ማጠቢያ በተተከለበት ቦታ፣ ጣሪያው ሾጣጣና ብርቱካናማ የሆነ ቤት ነበር። በየከተማው አንድ ዓይነት ጣሪያ እየደፋ፣ መንገደኛውን ሁሉ ቁርስ ሲያበላ የኖረ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ምግብ ቤት ነው። ኩባንያው ጥሎት ሲወጣ እኔና ባለቤቴ የራሳችንን ምግብ ቤት ልንከፍትበት ተከራየነው።

ቁልፉን እንደተረከብን ባለቤቴን እንቅልፍ የነሳው ኪራዩ አልነበረም። ስንት ዘመን የአሳማ ሥጋ የተጠበሰበት ወጥ ቤት! «ሃይማኖታችን እንደሚያዘው ሰባቴ ካልታጠበ፣ አንዱም በአፈር ካልሆነ፣ እሳት አልለኩስበትም» አለ። ወሎ ቢሆን አፈር ከደጅ ይታፈሳል፤ እዚህ ግን ዙሪያው አስፋልት ስለሆነ በከረጢት የታሸገ ከሱቅ ገዛን። ሻጩ ምን ልትተክሉ ነው ብሎ ሲጠይቀን፣ ያ ቀልደኛ ባለቤቴ «ጥብስ» አለው።

ከዚያ ባንኮኒው ፊት የተደረደሩትን ክብ ወንበሮች ያዘ። ቆዳቸው ተቀዳዶ ስፖንጁ ወጥቶ ነበር። ቀይ የመኪና ወንበር ቆዳ ገዝቶ በጆንያ መርፌ አንድ በአንድ ሰፋቸው። እጁ ገና ስላልለመደ የመጀመሪያው ላይ ስፌቱ ተጣሞበታል። «ነይ እስቲ፣ ቁጭ ብለሽ ሞክሪልኝ» አለኝ። «ሥራ የለኝም መሰለህ?» ብዬው አለፍኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሳስተናግድ አንድ ቀን እንኳን አልተቀመጥኩበትም።

ኮቪድ የገባ ዓመት በሩን ዘጋን። በዚያው ሰመር እሱንም ቀበርኩት፤ ጀናዛው ላይ የቆመው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

በዓመቱ ቤቱ ሊፈርስ ሲል፣ የድሮ የመንገድ ዳር ቤቶችን ታሪክ እንሰበስባለን የሚሉ ሰዎች መጡ። አንዲት ሸበቶ ሴትዮ ወንበሮቹን ለመነችኝ። «ውሰጂያቸው፤ ብቻ የሰፋቸው ባለቤቴ እንደሆነ ስሙን ጻፉልኝ» አልኳት። «ኦፍ ኮርስ!» አለች። ስሙን ፊደል በፊደል አስጻፍኳት። የአፈሩን ነገር ሳይቀር አጫወትኳት፤ ሳቀች፣ ጻፈች።

ቀጥሎ ባለው ዓመት የሰበሰቡትን የሚያሳዩበት ኤግዚቢሽን ተከፈተ ሲሉኝ፣ ለኢድ እንደምለብሰው ለብሼ ከልጄ ጋር ሄድኩ። ቀዩ ወንበር በገመድ ታጥሮ አዳራሹ መሃል ቆሟል። ያ የተጣመመው ስፌት አለበት። ልጄ ጽሑፉን አነበበችልኝ። ወንበሩ ቤቱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የነበረ ነው ይላል። ኩባንያው ከወጣ በኋላ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ባዶ ነበር ይላል።

ባዶ! ኧረ በአላህ! ያን ሁሉ ሕዝብ ያበላነው፣ ያ ሁሉ ኢፍጣር፣ እሱ ወገቡ እስኪጎብጥ የቆመበት፣ ባዶ!

ሴትዮዋን ፈልጌ ያዝኳትና የባለቤቴን ስም የት አደረሳችሁት አልኳት። ፈገግታዋ ንቅንቅ አላለም። «ቦታ ጠበበን፤ ደግሞም ታሪኩ የኩባንያው ነው» አለችኝ።

«ወንበሩስ የማን ነው?»

«ቆንጆ ነው፣ አይደል?» ብላኝ ወደ ሌሎች እንግዶች ሄደች።

ልጄ «ማም፣ ፕሊስ፣ ሌትስ ጎ» እያለች ክንዴን ትጎትታለች። እጇን አስለቅቄ ገመዱን ተሻገርኩና ተቀመጥኩበት።

ጠባቂው እየሮጠ መጣ። «ሜም፣ ይሄ ለመቀመጫ አይደለም» አለኝ፣ በትሕትና።

ባለቤቴ ስፖንጁን ደርቦ ነው የሰፋው፤ እስከዛሬ አልሟሸሸም።

«ይመቻል» አልኩ። ለጠባቂው አልነበረም።