እፍ በልብኝ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። አረቄ ሥራዬን አስጣለኝ፤ ሚስቴንም ወደ እናቷ ቤት መለሳት። ታላቅ እህቴ ቤቷ ወስዳ ክረምቱን ሙሉ አስታመመችኝ፤ ላብ ሲያጠምቀኝ ልብስ እየቀየረች፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ ሾርባ በማንኪያ እያጠጣች። ውለታዋን አልክድም። መስከረም ሲጠባ እጄ ጸና፣ እንቅልፌም ተመለሰ። ሌላው ጣጣ የጀመረኝ ያኔ ነው።

ከደጅ በተመለስኩ ቁጥር እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«እስቲ እፍ በልብኝ።»

«እትዬ፣ ለስኳር ልሰለፍ ነው የወጣሁት።»

«ገብቶኛል። እፍ በል።»

እፍ እላለሁ። ጎልማሳ ሰው፣ ጎረቤት እያየኝ፣ የስኳር ከረጢት ታቅፌ አፌን ከፍቼ እቆማለሁ።

ቀበሌው ደግሞ ባሰ። እሁድ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ አስነሳኝና፣ «ይህ ጓድ ስካርን ድል ነስቷል፤ ተሞክሮውን ያካፍለን» አለ። ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ምኑን ላካፍል? ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የሚታየኝ ጠርሙስ መሆኑን? አረቄ ቤቱን እንዳላይ በባቡር ጣቢያው በኩል ዞሬ እንደምሄድ? «ተውኩ፤ በቃ» ብዬ ተቀመጥኩ። በሚቀጥለው እሁድም አስነሳኝ፤ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። ግለሂሴ አጭር ነው ተብዬ ተወቀስኩ። በሰካራምነቴ ዘመን እንኳ ስለ መጠጥ ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም።

በዚህ መሃል የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ሾፌር ረዳታቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደባቸው። መጥተው፣ «መቂ ሽንኩርት ልጭን ነው። ኮቱ፣ ና ውጣ» አሉኝ ኦሮምኛ ቀላቅለው። ሾፌር የነበረ ሰው ረዳት ሆኖ መውጣቱ ውርደት ነው። ከእህቴ በር ለመሸሽ ስል ግን ወጣሁ።

መቂ ላይ ጆንያው ተጫነ፤ ሸራውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሞጆ ሳንደርስ ሸራው ተፈትቶ ይራገብ ጀመር፤ ጆንያ ወድቆ ሽንኩርቱ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሽማግሌው መኪናውን ዳር አስይዘው ወረዱ።

«ይህን ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ይህን ቋጠሮማ ፍየልም ትፈታዋለች። ዕድሜህን ሙሉ መኪና ላይ ኖረህ ገመድ ማሰር አታውቅም?»

አሁን አረቄውን ያነሱብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላነሱም። ሽንኩርቱን አብረን እየለቀምን ስለ ገመድ ብቻ ተቆጡኝ፤ ተቆጥተውም አልበቃቸውም። ሸራውን ራሴው እንደገና እንዳስረው አዘዙኝ፤ አሰርኩት። ጎተት አድርገው አዩትና፣ «እንዲህ ነው» ብለው ጋቢና ገቡ። ተሰድቤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለካ ሰው እንደ በሽተኛ ከሚያባብለኝ ይልቅ እንደ ሠራተኛ እንዲቆጣኝ ናፍቄ ኖሯል።

በማግስቱ ስመለስ እህቴ በሩ ላይ ናት።

«እፍ በል።»

«አልልም።»

ፊቷ ተለወጠ። «ጠጥተሃል ማለት ነው።»

«አልጠጣሁም። የጠጣሁ ቀን ራሴ እነግርሻለሁ። ባሸተትሽኝ ቁጥር ግን እኔም ራሴን እየጠረጠርኩ መጣሁ። ይብቃኝ፣ እትዬ።»

አኮረፈች። ብዙ ቀን ምግቤን አስቀምጣልኝ ትወጣ ነበር። እኔም በግኜ ነበር፤ እፍ ብዬላት ልገላገል ያልኩበት ጊዜም አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመንገድ ስገባ፣ ከያዘችው ስፌት ቀና ሳትል፣ «መቂ ቲማቲም ረክሷል?» አለችኝ።

«ረክሷል።»

«እንግዲያው ስትመለስ ይዘህልኝ ና።»

እሁድ እሁድ ከሽማግሌው ጋር መንገድ ላይ መዋል ስጀምር ሊቀመንበሩም ሌላ የሚያስነሳው ሰው አገኘ። ጥማቱ ግን ቶሎ አልተወኝም፤ አንዳንድ ቀን ጥርሴን ነክሼ ነው የማሳልፈው። የሽማግሌው ዓይን እየደከመ ሲመጣ ከሻሸመኔ መልስ መሪውን ለእኔ ይለቁልኝ ጀመር። አጠገቤ ተቀምጠው እስከ ናዝሬት ድረስ ማርሽ አቀያየሬን ይነቅፋሉ።